በሩ ላይ ያልተሳለው ክብ

ኮምፒውተር አያዳላም ይላሉ። ያዳላል። ከሰው የባሰ ያዳላል። ሰው ሲያዳላ ቢያንስ ፊቱ ያሳብቅበታል፤ ዓይኑን ይሰብራል፣ ጉሮሮውን ይጠርጋል፣ ወሬ ይለውጣል። ኮምፒውተር የሚሰብረው ዓይን የለውም። አረንጓዴ መብራት እያበራ “ድንቅ ነው!” ሲልህ ይውላል፤ አንተም “ማሽን እኔን አሞግሶ ምን ያገኛል?” ብለህ ታምነዋለህ። እውነት ነው፣ ማሽኑ ምንም አያገኝም። ማሽኑን ያዘዘው ሰው ግን ያገኛል፤ ቢያንስ ከአንተ ኩርፊያ እረፍት ያገኛል።

ይህን ያወቅኩት ከመጽሐፍ አይደለም። ያወቅኩት እዚሁ አሶሳ፣ በአንድ ሰርግ ላይ፣ የሌላ ሰው የገንፎ ሰሃን ይዤ ቆሜ ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ከልጅነቴ ነው። ቤተሰቦቼ ከወሎ በሰፈራ የመጡ ናቸው። ያደግኩበት መንደር ስም አልነበረውም፤ ቁጥር ብቻ ነበረው። ከወንዙ ማዶ የበርታዎች መንደር ነበር። መኸር ሲገባና ሰርግ ሲሆን ከዚያ ማዶ የዙምባራ ድምፅ ይመጣል። ዙምባራ ከቅልና ከቀርከሃ የሚሠራ ረጅም መለከት ነው። አንዱ መለከት አንድ ድምፅ ብቻ አለው፤ ትልቁ እንደ በሬ ያጉረመርማል፣ ትንሹ እንደ ጫጩት ይጮኻል። ዜማው የማንም አይደለም። አንዱ ነፍቶ ሲያበቃ ከጎኑ ያለው ይቀበለዋል፣ ከዚያ የሚቀጥለው፣ እንዲህ ክቡን እየዞረ ነው ዜማ የሚሆነው። ብቻህን ዙምባራ ብትይዝ ብቻህን “ቡ” እያልክ ቆምክ ማለት ነው።

እኛ የሰፋሪ ልጆች ወንዙን ተሻግረን እናይ ነበር። ማንም አልከለከለንም። ማንም ደግሞ መለከት አልሰጠንም። እኔ አድጌ፣ ተምሬ፣ መጽሐፍ ጠግቤ፣ ጥቂት ሰው የሚያነበው ጋዜጣ ላይ ብዙ ሰው የማይወደው ነገር መጻፍ ጀምሬም ቢሆን በየሰርጉ ዳር ላይ ቆሜ አያለሁ። በአሶሳ ፀጉሬ ሸብቷል፤ አሁንም ግን “ከየት ነህ?” የሚለኝ አለ። “ከዚህ” ስል ጠያቂው “አይ፣ ከየት ነህ ማለቴ ነው” ይላል። በዚያ ክብ ውስጥ አንድ ጊዜ መቆም ለእኔ ምን እንደሆነ ከዚህ በላይ አላብራራም።

ወዳጄ ይህን ያውቅ ነበር። ሁለተኛ ደረጃ አንድ ዴስክ ላይ የተቀመጥን ነን። እሱ በርታ ነው፤ ኮሌጅ ውስጥ ኮምፒውተር ያስተምራል። መጽሐፍ ከእጄ ስለማይጠፋ “ኡስታዝ” እያለ ያሾፍብኛል። የእናቱ ወንድም፣ እሱ “ኻሊ” የሚላቸው፣ የዙምባራ ነፊዎች መሪ ናቸው። መንገድ ተዘግቶ፣ ኔትወርክ ጠፍቶ፣ ጋዜጣም መድረስ ባቆመበት ጊዜ የምሠራው ስላጣሁ ፕሮግራም መጻፍ አስተማረኝ። በዚህ ዕድሜ አይገባህም ያሉኝ ሰዎች ነበሩ። አይገባህም ከመባል የበለጠ ነገር የሚያስገባልኝ የለም።

ከባጃጅ ተራው አጠገብ ዝንጅብል ሻይ እየጠጣን ነው ሐሳቡን ያነሳው።

“ኡስታዝ፣ የዙምባራ ጨዋታ ለምን አንሠራም? በስልክ። ተጫዋቹ አንዱን መለከት ይይዛል፤ የቀሩትን ስልኩ ይነፋል። ተራው ሲደርስ ስክሪኑን ይነካል።”

“ቢስትስ?”

“‘ሳተ’ ይለዋል። አጎቴም እንዲሁ ነው የሚሉት፤ ልዩነቱ እሳቸው እናትህንም ይጨምሩበታል።”

እንዲህ ተጀመረ። የምንሠራው እኔ ቤት፣ ከማንጎው ዛፍ ሥር ባለችው ክፍል ነበር። ማንጎው በደረሰ ጊዜ ፍሬው ቆርቆሮውን ጓ እያደረገ ያስደነግጠናል። ወዳጄ ሁልጊዜ “አየኸው? እሱ እንኳ ተራውን ያውቃል” ይለኝ ነበር።

መጀመሪያ ላይ የሠራነው ነገር እብድ ነበር። ለእያንዳንዱ መለከት የአዎና የአይ ምልክቶች ሰጠነው፤ አየር እየሳበ ነው ወይ? እየነፋ ነው ወይ? እያረፈ ነው ወይ? አንድ ቀን አንዱ መለከት ሦስቱንም አዎ አለ። አረፈም፣ ነፋም፣ አየርም ሳበ። ወዳጄ በሳቅ ወደቀ። “ይሄ የእኛ ጎረቤት ነው፤ ተኝቶም ያወራል፣ እያወራም ይበላል” አለ።

ከዚያ ትክክለኛውን መንገድ አስተማረኝ። ለነገርየው ሁኔታዎች ትሠራለታለህ፤ በአንድ ጊዜ ከአንዱ ሁኔታ በስተቀር በሌላ ውስጥ ሊሆን አይችልም፤ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያልፍበት መንገድም አስቀድሞ የታወቀ ነው። እኔ ወዲያው ወደድኩት። በሩ ጀርባ ላይ በጠመኔ አራት ክብ ሳልኩ። ጠብቅ። ሳብ። ንፋ። እረፍ። በመካከላቸው ቀስት። ከ“ጠብቅ” ወደ “ሳብ” ያልፋል። በጊዜው ከነካህ ከ“ሳብ” ወደ “ንፋ” ያልፋል፤ ካልነካህ መለከቱ ድምፅ ሳያወጣ፣ ቀይ መብራት በርቶ “ሳተ” ተብሎ፣ በቀጥታ ወደ “እረፍ” ይሄዳል። ነፍቶ ሲያበቃም ያርፋል፣ አርፎ መልሶ ይጠብቃል። ሌላ መንገድ የለም። በሕይወቴ ያየሁት ብቸኛው ሐቀኛ መስተዳድር ይህ ነበር። እኔ የማውቃቸው መሥሪያ ቤቶች አንዱን ኃላፊ በአንድ ጠዋት ስብሰባ ላይም፣ መስክም፣ ሕክምናም ላይ ያስቀምጡታል። የእኔ መለከት ግን የት እንዳለ ሲጠየቅ አንድ መልስ ብቻ ነበረው።

ሰዓቱ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነበር። ስክሪን ላይ የሚንቀሳቀስ የሚመስለው ነገር በጣም ቶሎ ቶሎ የሚለዋወጥ ሥዕል ነው። እኛ መጀመሪያ ጊዜን በሥዕል እንቆጥር ነበር፤ ይህን ያህል ሥዕል ካለፈ የሚቀጥለው መለከት ይንፋ። የወዳጄ ስልክ ላይ አማረ። የእኔ ስልክ ጥጉ የተሰነጠቀ፣ ርካሽ፣ ያረጀ ነው። በመጋቢት ፀሐይ ሲግል ሥዕሉ ይንቀረፈፋል፤ ሥዕሉ ሲንቀረፈፍ ዜማው አብሮ ይንቀረፈፋል። አጎትየው አንድ ቀን በአጠገባችን ሲያልፉ ሰሙትና ቆሙ።

“ማነው የሞተ?” አሉ።

“የሰርግ ነው፣ ኻሊ” አለ ወዳጄ።

“ሙሽራው ነው እንዴ የሞተ?”

መድኃኒቱ ቀላል ነበር። ሥዕል አትቁጠር፤ ሰዓቱን ጠይቅ። በየሥዕሉ መካከል ከስልኩ ሰዓት ላይ ምን ያህል ጊዜ እንዳለፈ ጠይቀህ፣ መለከቱን በዚያ ልክ ታራምደዋለህ። ሥዕሉ ቢቆራረጥም ዜማው አይዘገይም። ይህን ሁሉ ወዳጄ ጻፈው። ሥራውን እንዲህ ተካፈልን፤ እኔ ክቦቹን ያዝኩ፣ እሱ ሰዓቱን ያዘ። የእሱን ክፍል ገልጬ አላየሁም። ለምን ብዬ? እሱም የእኔን አላየም ብዬ ነበር የማስበው።

የተከራከርንበት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ተጫዋቹ ስንት ቢዘገይ ነው “ሳተ” የሚባለው? እኔ ምንም አልኩ። እሱ ሳቀ። “ሰው ያለው ጣት ነው፣ መርፌ አይደለም። ጨዋታ የሚሠሩ ሁሉ ቅንጣት ይቅርታ ያስገባሉ። ገደል ጫፍ ላይ የሚዘል ሰውዬ ያለበት ጨዋታ አታውቅም? እግሩ ከጫፉ ካለፈ በኋላ እንኳ ለዓይን ጥቅሻ ያህል ይፈቅዱለታል። ተጫዋቹ አያውቀውም፤ ጎበዝ ነኝ ይላል።”

“ይሄ ማታለል ነው።”

“ይሄ ጨዋነት ነው፣ ኡስታዝ።”

ለዓይን ጥቅሻ ያህል ተስማማን። ለሁሉም ተጫዋች እኩል፣ ከዚያ አንድ ክር አይዘልም አልን። ተጨባበጥንበት።

ጨዋታው ሲያልቅ የመጀመሪያው ተጫዋች እኔ ሆንኩ። መጥፎ ነበርኩ። ሳተ። ሳተ። ሳተ። ቀዩ መብራት ፊቴ ላይ ሲበራና ሲጠፋ ወዳጄ አጠገቤ ተቀምጦ ማንጎ ይልጣል። እኔ በየቀኑ ከሥራ በኋላ እሞክራለሁ፤ መሻሻል የለም። አንድ ቀን ስልኬን ከእጄ ወሰደ። “አዲሱን ልጫንልህ፣ አንዳንድ ነገር አስተካክያለሁ” አለ። ጭኖ መለሰልኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቻልኩ። በአንዴ አይደለም፤ ያ ቢሆን እጠረጥር ነበር። በመጀመሪያው ቀን ጥቂት፣ በሚቀጥለው ሻል ያለ፣ ከዚያ ቀዩ መብራት ብርቅ ሆነ። መለከቴ ከሌሎቹ መካከል በጊዜው ሲገባ ስሰማ ከደረቴ የወጣ ይመስለኝ ነበር። “ድንቅ ነው!” ይላል ስልኩ። ለስልኩ “አውቃለሁ” እለው ጀመር። ባገኘሁት ወጣት ስልክ ላይ ጨዋታውን ከእኔ ስልክ ላክሁ፤ ለኮሌጅ ተማሪዎች፣ ለባጃጅ ሾፌሮች፣ ባምባሲ ለስብሰባ ስሄድ አብረውኝ ለተሳፈሩ ሁሉ። በዚህ ዕድሜ አይገባህም ያሉኝን ሰዎች መንገድ ላይ ሳገኛቸው ሰላምታዬ ረዘም ይል ነበር።

በዚህ መካከል የወዳጄ ልጅ ልትዳር ሆነ። ስትወለድ የነበርኩባት፣ አጎቴ የምትለኝ ልጅ ናት። አጎትየው ስለ ሰርጉ ሊመክሩ ወዳጄ ቤት መጡ፤ እኔም ነበርኩ። ሽማግሌው ተቆጥተዋል። ከነፊዎቻቸው አንዱ ወርቅ ቁፋሮ ወርዶ አልተመለሰም።

“አንድ ሰው ጎደለ፣ ዜማው ጥርሱ ወለቀ” አሉ። “ማን ልተካ? ወጣቱ ሁሉ ስልክ ላይ ነው።”

ያኔ ነው ስልኬን ያወጣሁት። አጠገባቸው ተቀምጬ ተጫወትኩላቸው። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድም ቀይ አልበራም። ሽማግሌው አንገታቸውን ወደ ስክሪኑ ዘንበል አድርገው ሰሙ። ዜማው የራሳቸው ነው፤ ወዳጄ ከእሳቸው ነፊዎች ቀድቶ ያስገባው። በጉልበታቸው ላይ በጣታቸው መቱ።

“ማሻአላህ። ያ ዞል፣ አንተ ሰው፣ ይሄ አንተ ነህ?”

“እኔ ነኝ አባባ።”

ወደ እህታቸው ልጅ ዞሩ። “እውነት ይችላል?”

ወዳጄ የሻይ ብርጭቆውን ውስጡን ያይ ነበር። እዚያ ውስጥ ከቅጠል በቀር ምንም አልነበረም። ቀና ሳይል፣

“ስልኩ ይችላል ይላል” አለ።

እኔ ሳቅኩ። እንደ ልማዱ የቀለደ መስሎኝ ነበር። ሽማግሌው በማግስቱ መለከቱን ላኩልኝ። ለልምምድ ልምጣ ወይ ብዬ ባስጠይቅ “ስልኩ አለማምዶት የለም ወይ?” አሉ አሉ። እኔ ቤቴ ሆኜ ድምፁን ማውጣት ተለማመድኩ፤ ከንፈሬ አብጦ ነበር፣ ድምፁ ግን ወጣ። አንድ ድምፅ ነው። የቀረው ጊዜውን መጠበቅ ብቻ ነው፤ እሱን ደግሞ እችላለሁ።

የሰርጉ ቀን ዳሱ በቀርከሃ ተወጥሮ፣ ሸራ ለብሶ፣ ግቢው ሞልቶ ነበር። ነፊዎቹ ክብ ሠሩ። እኔ ነጭ ሸሚዝ ለብሼ መካከላቸው ቆምኩ። ከግራዬ አንድ ገበሬ፣ ከቀኜ አንድ የሱቅ ባለቤት። ሕዝቡ አየኝ። ከሰፋሪው መንደር የመጡ የእኔም ዘመዶች ከዳር ሆነው አዩኝ፤ አንዱ ስልኩን አውጥቶ መቅረጽ ጀመረ። ሙሽራዋ ከተቀመጠችበት ፈገግ ብላ ጣቷን አነሳችልኝ።

ትልቁ መለከት ጀመረ። ቀጠለ፣ ቀጠለ፣ ወደ እኔ ቀረበ። እኔ መብራቱን ስጠብቅ ነበር። እዚያ መብራት የለም። ከግራዬ ያለው ሰው ነፍቶ ጨረሰ፤ አየሩ ባዶ ሆነ፤ ያ ባዶ ቦታ የእኔ እንደሆነ የገባኝ ሁሉም ዘወር ብለው ሲያዩኝ ነው። ነፋሁ። ከቀኜ ያለው ባለ ሱቅ ግን መጠበቅ ሰልችቶት ነፍቶ ነበርና ሁለታችን በአንድ ላይ አጓራን። በሚቀጥለው ዙር እንዳልዘገይ ብዬ ቀደምኩ፤ የገበሬውን ድምፅ አፉ ላይ ቆረጥኩበት። በሦስተኛው ዙር ዜማው ከእኔ ዘንድ ሲደርስ እንደሚያነክስ በግ ይወድቅ ጀመር። ልጆች ሳቁ። አንዷ ሴት “ኧረ ሰውዬው ሳል ይዞታል!” አለች።

ሽማግሌው አላቆሙም። እግራቸው የዜማውን ምት እንደያዘ በክቡ ውስጥ ወደ እኔ መጡ። መለከቱን ከእጄ ወሰዱ፤ በኃይል አይደለም፣ ከሕፃን እጅ ቢላዋ እንደሚወሰድ ነው። ለሰርጉ ከሩቅ መጥቶ ዳሱ ጫፍ ላይ ገንፎ ይበላ ለነበረ ሰውዬ ዘረጉለት። ሰውዬው መለከቱን ሊቀበል እጁ ላይ የነበረውን ሰሃን ለእኔ ሰጠኝ። በሚቀጥለው ዙር ነፋ፤ ዜማው ጥርሱ ተመለሰ። እኔ ነጭ ሸሚዝ ለብሼ፣ በሰው የተጀመረ ገንፎ ይዤ፣ ከክቡ ወጣሁ። ሙሽራዋ አየችኝ። ከዚያ ያላየች መሰለች። ያ ደግነቷ ነው የጎዳኝ።

ከዳሱ ጀርባ የአጎትየው ሚስት ትልቅ ብረት ድስት አጠገብ ተቀምጠው ባሚያ ይከትፋሉ። እኔን ከነሰሃኑ ሲያዩ ቢላዋቸውን አቆሙ።

“አንተ ዛሬ መንፋት የለም?”

“ነፋሁ እማማ። አባረሩኝ።”

“ሰማሁ። በሬ ታመመ ብዬ ነበር።”

“ስልኬ ላይ እችላለሁ። ወላሂ እችላለሁ። ይኸው ይዩ።” ስልኬን አወጣሁ። ለማን ምን እያስረዳሁ እንደነበር አላውቅም።

“አምጣ እስቲ፣ እኔ ልሞክር።”

ሰጠኋቸው። ባሚያ በተዝለገለገ አውራ ጣታቸው ስክሪኑን ይደበድቡት ጀመር። ማየቱንም ተዉት፤ ጨው ይዛ ለምትመጣ ሴት በበርትኛ ይጮኻሉ፣ ዝንብ ያባርራሉ፣ በመካከሉ ባስታወሳቸው ጊዜ ይነኩታል። “ድንቅ ነው!” አለ ስልኩ። “ድንቅ ነው! ድንቅ ነው!” መለከቱ በየተራው፣ አንድ ክር ሳይዛነፍ፣ ከሌሎቹ መካከል በጊዜው ይገባል። ሴትየዋ ጆሮአቸውን ቀና አደረጉ፤ ጣታቸውን አነሱ፤ ዘግይተው መልሰው ነኩ። “ድንቅ ነው!”

ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። “ይሄ ስልክ ሁሉን ሰው ይወዳል! ይሄ አማት ቢሆን ጥሩ ነበር!”

ስልኩን ተቀበልኳቸው። ጉልበቴ ላይ አስቀምጬ፣ ዓይኔን ጨፍኜ፣ እንደመጣልኝ ደበደብኩት። አሞገሰኝ። በዳሱ በኩል እውነተኛዎቹ መለከቶች ይዞራሉ፤ በጉልበቴ ላይ ውሸተኛው ያሞግሰኛል። ገንፎውን በላሁት። ሌላ ምን ላድርገው?

ሰርጉ አልፎ ወዳጄ ቤቴ መጣ። እንግዳ እንደሚመጣው በር አንኳኳ፤ አንኳኩቶ አያውቅም ነበር። ጠመኔውን አነሳሁና ወደ በሩ ጀርባ አመለከትኩት፤ አራቱ ክቦች እንዳሉ ናቸው።

“የጎደለውን ሳለው” አልኩት።

አልተከራከረም። በ“ሳብ”ና በ“እረፍ” መካከል፣ “ሳተ” በሚሄድበት ቀስት ላይ፣ ትንሽ ክብ ሳለ። ውስጡ “ታገስ” ብሎ ጻፈ። ከዚያ እንደ መምህር አስረዳኝ፣ ልማድ ሆኖበት። ጣቴ ቀድሞ ከነካ ጨዋታው ይዞት ይቆያል፣ ጊዜው ሲደርስ ያወጣዋል። ጣቴ ከዘገየ ድምፁን በጊዜው ራሱ ያወጣና ጣቴን ይጠብቃል፤ ስመጣ የእኔ ነው ብሎ ይመዘግብልኛል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ትንሽ ይታገሳል፣ በየቀኑ ይጨምራል፤ የተሻልኩ እንዲመስለኝ። የእኔ ስልክ ላይ ብቻ።

“መቼ?”

“ስልክህን የወሰድኩ ቀን።”

“ለምን?”

“ፊትህ።”

“ፊቴ ምን ሆነ?”

“ቀዩ ሲበራ አንተ ስክሪኑን ነበር የምታየው። እኔ ፊትህን ነበር የማየው።” ጠመኔውን በጣቶቹ መካከል አዞረው። “ኡስታዝ፣ በዚህ ከተማ ‘አይደለህም’ የሚልህ ሰው ሞልቷል። አንድ ስልክ እንኳ አዎ ቢልህ ምን አለበት አልኩ።”

“አጎትህ ሲጠይቁህስ?”

ጠመኔውን ወደ ሌላው እጁ አዛወረ።

“‘እውነት ይችላል?’ ሲሉህስ? ያኔ ፊቴን አላየኸውም። ብርጭቆ ነበር የምታየው።”

“ስልኩ ይላል ነው ያልኩት። አልዋሸሁም።”

“ስለ ስልኩ ነው የጠየቁህ?”

“ልጄ ናት የምትዳረው። እንድትቆምላት ፈለግኩ።”

“ቆምኩላት። ሰሃን ይዤ።”

ማንጎ ቆርቆሮውን መታ። በሌላ ቀን ቢሆን ስለ ማንጎው የሚለውን ይል ነበር። ዛሬ ግን ጠመኔውን አስቀምጦ ሄደ።

ሰዎች ይህን ስነግራቸው “ስለወደደህ ነው” ይሉኛል። ይህን ደግሞ አልቀበልም። ይቅርታ ጥሩ ነገር ነው የሚባለው ጥፋትህን አውቀኸው ሲሰጥህ ነው። ጥፋትህን ሳይነግርህ በስውር ይቅር የሚልህ ሰው ሰርቆሃል። እኔን የሰረቀኝ መሳትን ነው። በዚያ ሁሉ ቀን ቀዩ ቢበራልኝ ኖሮ ወይ እማር ነበር፣ ወይ አልችልም ብዬ እንደ ልማዴ ዳር እቆም ነበር። ሁለቱም የራሴ ነበሩ። ያን ሁሉ ቀን የሰማሁት፣ ከደረቴ የወጣ የመሰለኝ ድምፅ ግን የእኔ አልነበረም። ማሽኑ ለራሱ ሲነፋ እኔ ከኋላው ጣቴን አንቀሳቅስ ነበር።

ሰውም “ሽማግሌው እውነቱን ነገሩህ፣ አመስግናቸው” ይለኛል። አላመሰግናቸውም። ገበያ ለገበያ እየዞሩ ታሪኩን ያወራሉ፤ በእሳቸው አተራረክ ገንፎው ሸሚዜ ላይ ፈሷል። አልፈሰሰም።

ከሁሉ የከፋው ግን ሌላ ነው። ከወዳጅህ አንድ ስውር ክብ ስታገኝ የምትመረምረው ያንን አንዱን ብቻ አይደለም። ወደ ኋላ ትሄዳለህ። ጽሑፌን አንብቦ “ኡስታዝ፣ ይሄ ከሁሉም በለጠ” ያለኝ ቀን፣ አምስተኛው ክብ እየሠራ ነበር? ኮሌጅ ውስጥ መጣጥፌን ለተማሪዎቹ ጮክ ብሎ እንዳነበበላቸው ሲነግረኝስ? ቤተሰቦቹ “አንተ እኮ የእኛ ሰው ነህ” ሲሉኝ እሱ አጠገባቸው ምን ያይ ነበር፤ የእኔን ፊት ወይስ ብርጭቆ? አንድ ዴስክ ላይ ከተቀመጥንበት ቀን ጀምሮ የትኛው ሳቁ በጊዜው የመጣ፣ የትኛው ታግሶ የጠበቀኝ እንደሆነ መለየት አልችልም። መለየት ያለመቻሌ ነው ክህደቱ። ሰርጉ የሱ ትንሹ ክፍል ነው።

አሁን መንገድ ላይ ስንገናኝ እንጨባበጣለን። ስለ መብራት መጥፋት፣ ስለ ዝናቡ መዘግየት እናወራለን። “ጎበዝ መስለሃል ዛሬ” ሲለኝ ወደ ኋላዬ ዞሬ ማንን እንደሆነ አያለሁ። ክቦቹን ከበሩ አልደመሰስኳቸውም። አምስቱም አሉ። ጨዋታውን ከስልኬ አጥፍቼዋለሁ።

ግን ከስልኬ አጥፍቼው አልጠፋም። እንዳልኩት፣ ጉራ ይዞኝ ለባጃጅ ሾፌሩም ለተማሪውም ልኬዋለሁ፣ እነሱም ለሌላ ልከዋል። ሰሞኑን አንድ ከቶንጎ የመጣ መምህር ስልኩን አውጥቶ ኩራት በኩራት ሆኖ ሲጫወት አየሁት፤ “ድንቅ ነው!” ይለዋል። አውቃታለሁ ያቺን ድምፅ። ፊቱ ደስ ብሎት ነበር፤ ልነግረው አፌን ከፈትኩና ፊቱን አየሁት። ነገርኩት። አልወደደልኝም። ጨዋታውንም አላጠፋውም፤ “የእኔ ትክክለኛው ነው” አለኝ።

ስለዚህ ይህን የምታነበው አንተ፣ ወይም አንቺ፤ አሶሳም ሁኑ፣ ባምባሲም፣ ፓዌም፤ በስልካችሁ ሰው የላከላችሁ የዙምባራ ጨዋታ ካለ አሁን ክፈቱት። ዓይናችሁን ጨፍኑና እንደመጣላችሁ ደብድቡት። ካሞገሳችሁ የመጣው ከእኔ ስልክ ነው። አጥፉት። መለከት የሚሰጣችሁ ሰው ሳይመጣ አጥፉት።